ድባቴ ሲታከም የሚበላሸው የት ላይ ነው? ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ድባቴ (ዲፕሬሽን) የሚታከም ሕመም ነው። ብዙ ሰው የማይሻለው ሕክምናውን ዘግይቶ ስለሚጀምር፣ ጀምሮም መሀል ላይ ስለሚያቋርጥ ነው።

ጨጓራ ሲታከሙ መክረም
እኛ ዘንድ ድባቴ የያዘው ሰው «ከፋኝ» ብሎ ሐኪም ቤት የሚሄደው ከስንት አንዴ ነው። ራሴን ያቃጥለኛል፣ ሰውነቴ ዛለ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ይላል። ዛሬ የጨጓራ፣ በወሩ የታይፎይድ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። የደም ማነስና የታይሮይድ ችግር ድባቴን ሊመስሉ ስለሚችሉ ምርመራው ይደረግ። ውጤቱ ደህና ሆኖ ሳለ የሚወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላ፣ ተስፋም ከራቀና ይህ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከዘለቀ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት ይገባል። የግድ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ድረስ መምጣት አያስፈልግም፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች በክልልም አሉ።

ኪኒኑን ገና ሳይሠራ መጣል
ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው። ፍሉኦክሰቲን የሚባለውን የድባቴ ኪኒን የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊያቅለሸልሸው፣ ሊያቁነጠንጠው፣ እንቅልፉም ሊዛባ ይችላል። ለውጡ መታየት የሚጀምረው ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ሙሉ ለሙሉ ለመሻል ከዚያም ይዘገያል። ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ካልነገረው፣ ኪኒኑን ቢጥል ጥፋቱ የታማሚው ብቻ አይመስለኝም።

ሁለተኛው መቋረጥ የሚመጣው ሲሻል ነው። «ድነሃል እኮ፣ ለምን ሱስ ታደርገዋለህ?» የሚል ዘመድ አይጠፋም። መድኃኒቱ ከተሻለ በኋላም ቢያንስ ለ6 ወር፣ ሕመሙ የሚመላለስ ከሆነ ከዚያም በላይ ይወሰዳል፤ የሚቆመውም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። በድንገት ሲቆም የሚመጣው ማዞርና መነጫነጭ ሱስ ይመስላል እንጂ አይደለም። ሱስ የሚያስይዘው ለእንቅልፍ እየተባለ የሚዋጠው ዲያዜፓም ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አይፈራውም።

ጸበልና ኪኒን ማጣላት
ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ታማሚዎች ከጸበሉ ጋር መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ መክረው ነበር። ለድባቴም ያው ነው።

የቀድሞ ታሪክን መደበቅ
ከዚህ በፊት ለቀናት ሳይተኛ ጉልበት የሞላበት፣ ያለ ልክ ያወራበት፣ ብር የበተነበት ጊዜ ካለ ለሐኪሙ ይነገር። ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት አንዴ ያለ ልክ የሚጦዝበት አንዴ የሚወርድበት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ የድባቴ ኪኒን ብቻውን ሲሰጥ ደግሞ ታማሚውን ወደዚያው ሊመልሰው ይችላል።

የንግግር ሕክምናን እንደ ወሬ መቁጠር
የንግግር ሕክምና የቤት ሥራ አለው። «ነገ 3 ሰዓት ላይ ፊቴን ታጥቤ ጎረቤት ቡና እጠጣለሁ» ብሎ ባለሙያው ያጽፋል፤ በሳምንቱ እንዴት እንደነበር ይጠይቃል። ፍላጎት እስኪመጣ አይጠበቅም፣ ከሥራው በኋላ ይመጣል። ቀለል ላለ ድባቴ ይህ ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

ስለ ሞት መጠየቅን መፍራት
«ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ አያስገባም። አዎ ካለ ብቻውን አይተው፤ ፀረ ተባይ ከቤት ይውጣ፣ ኪኒኑን ሌላ ሰው ይያዝለት። ኪኒኑ አሚትሪፕቲሊን የሚባለው የድባቴ መድኃኒት ከሆነ በተለይ ይጠንቀቁ፤ ከልክ በላይ ከተወሰደ ልብን ያውካል። በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።