ለመቁረብ ላሰብክ የድሬ ልጅ፦ ከየት ትጀምራለህ?

በታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የደንገጎን ዳገት በእግሩ የሚወጣ ስንት ሰው አለ! ስለቱን ይዟል፣ እግሩ አብጧል፣ ግን ደስ ብሎታል። እኔም ወጥቻለሁ። ያው ሰው ግን እሑድ በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ሥጋ ወደሙ ሲቀርብ ከደጅ ተሳልሞ ይመለሳል። ለምን ስትለው «እኔ ገና ነኝ፣ ስጠነክር እቆርባለሁ» ይልሃል። እኔም ይህን መልስ ለብዙ ዓመት ስሰጥ ኖሬያለሁ። በሕፃንነቴ እናቴ አዝላ ታቆርበኝ ነበር፣ 12 ዓመት ሲሞላኝ ቆመ፣ ቀጥሎ የቆረብኩት 30 ካለፈኝ በኋላ ነው።

ነገሩን ገልብጠን ነው የያዝነው። ሰው በልቶ ነው የሚጠነክረው። ጌታ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ቁጥር 56 ላይ «ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ በእኔ ይኖራል እኔም በእርሱ እኖራለሁ» ብሏል። ቁርባን ላደገ እምነት የሚሰጥ ሽልማት ቢሆን ኖሮ የ40 ቀን ወንድ ልጅና የ80 ቀን ሴት ልጅ ተጠምቀው ወዲያው ባልቆረቡ ነበር። ምግብ ነው። ምግብ ስለሆነ ደግሞ ዝግጅት አለው፣ እሱን ነው የምነግርህ። (እንደ ድሬ ወጋችን «አንተ» እያልኩ ነው የምጽፈው፣ እህቴ አንቺም ለራስሽ አድርገሽ አንብቢው።)

መጀመሪያ የንስሐ አባት ያዝ። ስመ ጥር አባት ፍለጋ ከተማውን አትዙር፣ በቀላሉ የምታገኛቸውን ምረጥ። ሳቢያን እየኖርክ ገንደቆሬ ያሉ አባት ብትይዝ በሦስተኛው ወር መሄድ ትተዋለህ፣ በዚህ ሙቀት እውነቱ ይሄ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ጠጋ በል፣ መስቀል ተሳለም፣ «አባቴ፣ የንስሐ ልጅዎ መሆን እፈልጋለሁ» በል። በቃ። ስልካቸውን ተቀበል፣ ቀን ያዙ።

ኑዛዜው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና። «አባቴ፣ ሰው ነኝ፣ ብዙ በድያለሁ» ብሎ መመለስ ኑዛዜ አይደለም። ሐኪም ጋ ሄደህ «አሞኛል» ብቻ ብለህ እንደመውጣት ነው። ማታ ቁጭ ብለህ በወረቀት ጻፈው፣ ተናዝዘህ ስትጨርስ ታቃጥለዋለህ። የሚስትህን ጥፋት፣ የአለቃህን ክፋት አትናገር፣ የራስህን ብቻ። ምክንያት አትደርድር። ካህኑ የሰሙትን ለማንም አያወጡም፣ ስለዚህ የምታፍርበትን አስቀድም፣ እሱ ከወጣ ሌላው ይቀላል። ከዚያ ቀኖና ይሰጡሃል፦ ጾም፣ ጸሎት፣ ስግደት፣ ምጽዋት፣ እንደ አቅምህ። ከከበደህ እዚያው ንገራቸው፣ ዝም ብለህ ተቀብለህ ሳትፈጽም አትቅር። ቀፊራ ገበያ ላይ ሚዛን አጉድለህ ሸጠህ ከሆነ ደግሞ ስግደት ብቻውን አይበቃም፣ የሰው ገንዘብ ይመለሳል።

በትዳር ውስጥ ከሆንክ ሁለታችሁም አንድ ላይ ብትቀርቡ ጥሩ ነው፣ ስንት ቀን ተለይታችሁ እንደምትቆዩ አባታችሁ ይነግሯችኋል። ሳትጋቡ አብራችሁ የምትኖሩ ከሆነም ከዚህ ሸሽታችሁ አትቅሩ። ሁኔታችሁን ሳትደብቁ ንገሩ፣ መንገድ ያሳዩዋችኋል።

ዕርቅ። ማቴዎስ 5 ቁጥር 23 እና 24 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። እኔ ከወንድሜ ጋር በወላጆቻችን ቤት ኪራይ ተጣልተን 4 ዓመት አልተነጋገርንም ነበር። አባቴ፣ የንስሐው ማለቴ ነው፣ ሁሉንም ሰምተው «ሂድና በሩን አንኳኳ» ብቻ አሉኝ። በሩ ላይ ስቆም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከፈተ፣ አየኝ፣ «ግባ እንጂ፣ ፀሐይ ላይ ምን ያቆምሃል» አለኝ። ስለ ኪራዩ የተነጋገርነው ከሳምንት በኋላ ነው። የዚያን ቀን ሻይ ጠጥተን ተለያየን። ከቀኖናዬ ሁሉ የከበደኝ እሱ ነበር፣ እምነቴን ያሳደገውም እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ጾሙ። ከመቁረብህ በፊት 18 ሰዓት ከምግብም ከውሃም ትከለከላለህ። የእሑድ ቅዳሴ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ የሚያልቅ ከሆነ ከቅዳሜ 9 ሰዓት ጀምረህ አፍህን ትዘጋለህ ማለት ነው። በድሬ ሙቀት ቅዳሜ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ያለ ውሃ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ውሃ ደጋግመህ ጠጣ፣ ምሳህ ላይ ጨውና በርበሬ ቀንስ፣ ከሰዓት በኋላ በባጃጅ አትዙር፣ ጥላ ያዝ። አንዴ ከውጭ ገብቼ ጓደኛዬ የሰጠኝን ቀዝቃዛ ውሃ ሳላስበው ጠጥቼዋለሁ። ለአባቴ ነግሬ ለሚቀጥለው እሑድ አስተላለፍኩት። አትደብቅ፣ አንድ ሳምንት ምንም አይደለም። መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ወይም ስኳር ካለብህ ግን በራስህ አትወስን፣ ለሐኪምህም ለአባትህም አስቀድመህ ንገር።

የቅዳሜ ከሰዓት ሌላው ፈተና በርጫ፣ ተሰብስቦ ጫት መቃሙ ነው። በግልጽ ልናገር፣ ጫት ከቁርባን ጋር አይሄድም፣ ቤተ ክርስቲያናችንም አትፈቅደውም። ለአንድ ቀን ብቻ ከምትርቀው ኑዛዜህ ውስጥ አስገባው። ጓደኞችህ ይቀየሙኛል ብለህ አትፍራ። የእኔ ጎረቤት ሙስሊም ናቸው፣ ቅዳሜ ቡና ሲያፈሉ «ነገ ቆራቢ ነህ አይደል» ብለው ራሳቸው ያሳልፉኛል። ጾም የሚያውቅ ሰው ጿሚ አያስቸግርም።

እሑድ ሌሊት ቅዳሴው ከመጀመሩ በፊት ድረስ። ለመቁረብ ብቻ መጨረሻ ላይ መድረስ የለም። ጠዋት ጥርስ መፋቁን ተወው፣ ውሃ ሳታስበው ትውጣለህ። ነጠላህን አጣፋ፣ ጫማህን አውልቅ፣ ስልክህን ዝጋ። ግዕዙ ባይገባህም ጆሮህን ስጥ። ከቤተልሔም (ኅብስቱ ከሚዘጋጅበት ቤት) የመጣውን ኅብስትና ከዘቢብ የተዘጋጀውን ወይን በቅዳሴው ሂደት ውስጥ እያሰብክ ቁም። ካህኑ «አአምን አአምን አአምን» ሲሉ የክርስቶስ እውነተኛ ሥጋና ደም መሆኑን እየመሰከሩ ነው፣ አንተም በልብህ አብረህ መስክር። እኔ እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ እንባዬ ይመጣል። ተራህ ሲደርስ አትጋፋ። ሥጋውን ከካህኑ እጅ፣ ደሙን ከዲያቆኑ በዕርፈ መስቀል (በማንኪያው) ትቀበላለህ፣ «አሜን» ትላለህ። ቀጥሎ የቅዳሴ ጸበል ጠጣ፣ አፍህን በነጠላህ ሸፍነህ ቆይ።

ያን ቀን አትትፋ፣ ባዶ እግርህን አትሂድ፣ አጥንትና ፍሬ ያለው ምግብ ተው፣ ስግደትም ገላ መታጠብም ለነገ ይደር። ላቡ ይከብድሃል፣ አውቃለሁ፣ ቤት ተቀመጥ።

ከዚያ ቀጥል። ብዙዎቻችን አንዴ ቆርበን «ብሳሳትስ» እያልን ለዓመታት እንቀራለን። ከተሳሳትክ ስልኩን አንሳና ለአባትህ ደውል፣ የያዝካቸው ለዚህ ነው። በወር አንዴ ተገናኛቸው፣ ጠዋት ከመውጣትህ በፊት አንድ መዝሙረ ዳዊት ድገም፣ ማታ አንድ የወንጌል ምዕራፍ አንብብ። ለመጀመር ከፈራህ ፍልሰታ ጥሩ ጊዜ ነው፣ ከነሐሴ 1 እስከ 16። ከቅዳሜና እሑድ በቀር ቅዳሴው ከሰዓት ስለሆነ 18 ሰዓቱ የሚቆጠረው ካለፈው ማታ ነው። የሚቆርበው ሰውም ብዙ ነው፣ ብቻህን እንደሆንክ አይሰማህም። ኑዛዜው ግን በነሐሴ ወረፋ አለው፣ ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ አባትህን ቀን ጠይቃቸው።