በቻይና ዩኒቨርሲቲ ጭንቀት ሲበረታ የማንን በር እናንኳኳ?

የቻይና ተማሪ ሲጨንቀው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነግረው ለዶርም ጓደኛው ነው። ከዚያ ስልኩን ይበረብራል። ወላጆቹ እንዳይሰጉ ደጉን ያወራላቸዋል፣ ክፉውን ይውጠዋል። ባለሙያ ዘንድ የሚሄደው ሌላው ሁሉ ሲያልቅበት ነው፤ ያኔ ደግሞ ፈተና ደርሶ ወረፋው ረዝሟል። ስለዚህ ማን ምን እንደሚሠራ ደህና ሳላችሁ እወቁ።

ፉዳውዩአን የሚባለው የተማሪዎች ተጠሪ መምህር ነው፤ በደንቡ ለ200 ተማሪ ቢያንስ 1 ይመደባል። ፈተና ለማራዘም፣ ዶርም ለመቀየር፣ ትምህርት ለማቋረጥ የሚኬደው ወደ እሱ ነው። ግን የሥነ ልቦና ባለሙያ ላይሆን ይችላል፤ የነገራችሁትም ወደ ዲፓርትመንቱና ወደ ወላጆች ሊደርስ ይችላል። «ጨንቆኛል» ብቻ አትበሉት፤ የምትፈልጉትን ለይታችሁ ጠይቁ። በየክፍሉ ያለው የሥነ ልቦና ተወካይም እንደ እናንተው ተማሪ ነው፤ ሥራው ችግር ሲያይ ማሳወቅ እንጂ ማከም አይደለም።

ምክር የሚሰጠው የግቢው የሥነ ልቦና ማዕከል ነው። ቀጠሮ በአብዛኛው የሚያዘው ዊቻት በተባለው የስልክ መተግበሪያ፣ በዩኒቨርሲቲው ገጽ ነው፤ ለተማሪ ብዙ ጊዜ በነፃ ነው፣ አንዱ ቆይታም 50 ደቂቃ ያህል ነው። ደንቡ የሚጠይቀው ለ4000 ተማሪ 1 ባለሙያ ስለሆነ ወረፋ አይቀርም፤ የሚሰረዝ ቀጠሮ ካለ እንዲደውሉላችሁ ጠይቁ። ብዙዎችን የሚያስቀረው «ፋይሌ ላይ ይጻፋል» የሚለው ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን «ምን ትመዘግባላችሁ? ለማን፣ መቼ ትናገራላችሁ?» ብላችሁ ፊት ለፊት ጠይቁ። ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ምስጢሩ እንደማይጠበቅም ከወዲሁ እወቁ።

ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የቻይና የአእምሮ ጤና ሕግ መሠረት አማካሪ በሽታ መለየትም መድኃኒት ማዘዝም አይችልም፤ ያ የሆስፒታል ሥራ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ወጪው እንዲመለስላችሁ የማስተላለፊያ ወረቀት ያስፈልግ እንደሆነ የግቢውን ክሊኒክ ጠይቁ። እዚህ ላይ የተለመደ ስህተት አለ፦ ተማሪው ራሱን ወይም ሆዱን እንዳመመው ብቻ ይናገራል፣ የውስጥ ደዌ ሐኪም መርምሮ ምንም አያገኝም፣ ወራት ይባክናሉ። የሐኪሙ ጊዜ አጭር ስለሆነ ግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ያዙ፦ «ከሦስት ሳምንት ወዲህ ሌሊት እየነቃሁ ተመልሼ አልተኛም፤ ምግብ አስጠልቶኛል፤ ክፍል መግባት አቁሜያለሁ፤ የምወስደው መድኃኒት ይህ ነው።» የአካሉንም የስሜቱንም ጻፉ።

በስልክ ለመነጋገር 12356 አለ፤ ከግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላ አገሪቱ የሚሠራ የሥነ ልቦና ድጋፍ መስመር ነው። ጓደኛችሁ መሞት እፈልጋለሁ ካለ ግን ብቻውን አትተዉት። መድኃኒትና ስለት ከአጠገቡ አርቁ፤ ለማንም አልናገርም ብላችሁ ቃል የገባችሁ ቢሆን እንኳ ለፉዳውዩአኑ ወዲያው ደውሉ። ራሱን ጎድቶ ከሆነ አምቡላንስ በ120፣ ፖሊስ በ110 ይጠራል፤ የሕንፃውንና የክፍሉን ቁጥር በቅድሚያ ተናገሩ።