የደም ግፊት ለምን ይጨምራል? ቤት ውስጥስ እንዴት ይለካል?

ግፊት የሚጨምረው በደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲበዛ ወይም ትንንሾቹ ደም ቅዳ ሥሮች ሲጠቡ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም አብረው ይመጣሉ። ጨው ሲበዛ ኩላሊት ውሃ ይዞ ያስቀራል። ከኩላሊት የሚወጣው ሬኒን የተባለ ንጥረ ነገር ደግሞ አንጂዮቴንሲን የተባለ ሌላ ንጥረ ነገር እንዲፈጠር ያደርጋል፤ ይህም ሥሮቹን ያጠባል፣ ጨው እንዳይወጣም ያግዳል። ኢናላፕሪል የተባለው የግፊት መድኃኒት የሚሠራው አንጂዮቴንሲን እንዳይፈጠር በመከልከል ነው። ሌላው የግፊት መድኃኒት፣ አምሎዲፒን፣ ሥሮቹን ያላላል።

ሱሉልታ ወይም ቡራዩ ዳገት ወጥቶ ጤና ጣቢያ የደረሰ ሰው ወዲያው ቢለካ ቁጥሩ አያስተማምንም። ቤት ሲለኩ ከ30 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ቡና አይጠጡ። ሽንትዎን ሸንተው፣ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። የግፊት መለኪያውን መጠቅለያ ከክርንዎ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው በባዶ ክንድ ላይ ያሰሩ፤ ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ በልብዎ ትክክል ያሳርፉ። ክንድ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ወይም መጠቅለያው ከጠበበ ቁጥሩ ከእውነተኛው በላይ ይወጣል። ጠዋት (መድኃኒት ከመዋጥዎ በፊት) እና ማታ፣ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ለ7 ቀን ይመዝግቡ። የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀረውን አማካይ ያውጡ። 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መዝገቡን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

እኛ ቤት ትልቁ ጉዳይ ጨው ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ሽሮውም እንዲሁ፤ ወጡ ሲሠራ ደግሞ እንደገና ይጨመራል። ስለዚህ ‹‹ጨው ቀንሻለሁ›› የሚል ሰው ከልቡ ቢሆንም ብዙ ሊበላ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ ሙልት ያላለ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። በዚህ ስሌት አራት አዋቂዎች ባሉበት ቤት አንድ ኪሎ ጨው፣ በርበሬና ሽሮ ውስጥ የገባውን ጨምሮ፣ ቢያንስ 50 ቀን ሊቆይ ይገባል። ጨው የተገዛበትን ቀን ፓኬቱ ላይ ይጻፉ። ለሚቀጥለው ሽሮና በርበሬ ያለ ጨው ያስፈጩ፤ ያኔ የሚገባው ድስት ላይ ብቻ ስለሆነ መቆጣጠር ይቻላል።

ለወገብና ለጉልበት ሕመም የሚወሰዱት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ኩላሊት ጨው እንዲይዝ ያደርጋሉ፤ ካዘወተሩ ለሐኪሙ ይንገሩ። ግፊት ስለወረደ ብቻ መድኃኒት አያቋርጡ፤ የወረደው በመድኃኒቱ ነውና።

ቁጥሩ ከ180/120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዕይታ መደብዘዝ ወይም የአንድ ጎን መዛል ካለ ተጨማሪ ኪኒን ውጠው አይጠብቁ፤ በተገኘው መኪና ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ።