የድሮዋ ቢኤምኤክሴ ካቴና መውለቅ አቆመ

ለገጣፎ እናቴ ቤት የቆመችውን የልጅነት ቢኤምኤክስ ሳይክሌን ሰሞኑን አስነሳኋት። ዳገት ላይ ጠንከር አድርጌ ስረግጥ ካቴናዋ ይወልቅ ነበር። መጀመሪያ ካቴናውን ለካሁ። የ24 ዓይን ርዝመት (አንድ ዓይን ከፒን እስከ ቀጣዩ ፒን ነው) አዲስ ሲሆን 30.5 ሳንቲሜትር ነው፤ 30.8 ካለፈ መቀየር አለበት። የኔ ደህና ነው።

ጣጣው የኋላ ጎማው ነበር። የሚይዙት ዳዶዎች ላልተው ጎማው ወደ ፊት ተንሸራቷል። ቢኤምኤክስ እንደ ማርሽ ሳይክል ካቴና የሚወጥርላት ነገር የላትም፤ ሥራው ሁሉ የጎማው አቀማመጥ ነው። ጎማውን ወደ ኋላ ሳብኩና ካቴናው መሃል ላይ በጣት ሲነካ 1 ሳንቲሜትር ያህል እንዲጫወት አደረግኩ። ከዚያ የቀኝና የግራውን ዳዶ ተራ በተራ አጠበቅኩ። አደራ፣ ካቴናውን ከልክ በላይ አትወጥሩት፤ ኩሽኔታውን ይበላዋል።

በኮረኮንቹ ስወርድ የሰፈር ልጆች «አንዴ ልንዳ!» እያሉ ተከተሉኝ። እኛም እንዲሁ ነበርን። ሁሉም ተራ በተራ ነዱ፤ ካቴናው አንዴም አልወለቀም።