ኪዩቢትን በልኬት ብቻ ከ0 ወደ 1 መውሰድ

ልኬት የስሌት ማብቂያ ብቻ አይደለም፤ ኪዩቢትን (የኳንተም ኮምፒውተርን ቢት) ይመራል። በ0 ላይ ያለን ኪዩቢት «1 ነህ?» ብሎ በቀጥታ መለካት ከንቱ ነው፤ ዕድሉ ዜሮ ነው። የመለኪያውን አቅጣጫ በጥቂት በጥቂቱ ካዞራችሁ ግን ኪዩቢቱ እየተከተለ ይዞራል። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርድ መኪና የሐረጎን ቁልቁለት በጠመዝማዛው እንጂ በገደሉ አይወርድም።

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለምትማሩም ሆነ ደሴ ላላችሁ ተራ ላፕቶፕ ይበቃል። ፓይተንን፣ ኪስኪትን (የኳንተም ፕሮግራም መጻፊያውን) እና ኪስኪት ኤርን (ኳንተም ማሽንን ላፕቶፕ ላይ የሚያስመስለውን ሲሙሌተር) ኔትወርክ ባለበት ጫኑ፤ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ኪዩቢቱ አንድ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም በባትሪ ይሠራል።

በ10 እርምጃ ጀምሩ። 180 ዲግሪ ለ10 ሲካፈል 18 ነው፤ ስለዚህ ማዕዘኖቹ 18፣ 36 እያሉ እስከ 180 ይሄዳሉ። በየእርምጃው የአር-ዋይ በርን (ኪዩቢቱን በሰጣችሁት ማዕዘን የሚያዞረውን ትእዛዝ) በማዕዘኑ ኔጌቲቭ አድርጉ፣ ለኩ፣ ከዚያ በዚያው ማዕዘን ፖዘቲቭ መልሱ። ለየልኬቱ የራሱን ክላሲካል ቢት ስጡት፤ አንዱን ቢት ደጋግማችሁ ከተጠቀማችሁ የቀድሞው ውጤት ይጠፋል።

4000 ጊዜ አስኪዱት። ቢቱ 0 ከሆነ ኪዩቢቱ መለኪያውን ተከትሏል፣ 1 ከሆነ ስቷል ማለት ነው። አሥሩም ቢቶች 0 የሆኑበት 78 በመቶ ገደማ መሆን አለበት፤ የ9 ዲግሪ ኮሳይን ሃያ ጊዜ በራሱ ሲባዛ ይህን ይሰጣል። በ2 እርምጃ 25፣ በ50 እርምጃ 95 በመቶ ነው። አንድ በመቶ ያህል ከፍ ዝቅ ቢል አትደንግጡ።

ቁጥሩ በጣም ከራቀ መጀመሪያ ማዕዘኑን ተመልከቱ። ኪስኪት የሚፈልገው ራዲያን ነው፤ 18 ዲግሪ 0.314 ይሆናል። ማዕዘኑን በግማሽ ማስገባትም የተለመደ ስህተት ነው፤ ኪዩቢቱ መንገድ ላይ ይቀራል። 80 በመቶ ካገኛችሁ የቆጠራችሁት የመጨረሻውን ሁኔታ ብቻ ነው፤ መንገድ ስተው የተመለሱትም ገብተዋል። የቢቶቹ ረድፍ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል፤ የመጀመሪያው ልኬት በቀኝ ጫፍ ነው።

የሳቱትን መጣል ካልፈለጋችሁ፣ ቢቱ 1 ሲሆን ብቻ የሚሠራ የኤክስ በር (0ን ወደ 1፣ 1ን ወደ 0 የሚገለብጥ) ጨምሩ። ቦታው ከልኬቱ በኋላ፣ ከመመለሻው ዙር በፊት ነው፤ ከዙሩ በኋላ ከገባ ኪዩቢቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስደዋል። በዚህ መንገድ ሲሙሌተሩ ላይ 100 በመቶ ይደርሳል፤ እንዲያውም የመጨረሻው እርምጃ ብቻውን ይበቃል። በእውነተኛ ማሽኖች ኪዩቢትን ወደ 0 የሚመልሱትም በዚሁ ሐሳብ ነው።

ማሽን ላይ ግን ልኬቱ ራሱ ይሳሳታል። በየልኬቱ 1 በመቶ ቢጠፋ፣ ያለ ኤክስ በር 50 እርምጃ ወደ 58 በመቶ ያወርዳችኋል፤ 16 እርምጃ 73 ይሰጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የማሽኑን የንባብ ስህተት ለኩ፤ 1.57ን ለስህተቱ (1 በመቶ ከሆነ 0.01 ብላችሁ) ስኩዌር ሩት ስታካፍሉ ተስማሚው የእርምጃ ብዛት ይወጣል። ለ2 በመቶ ስህተት 11 ነው።