ልጆች ይዛችሁ ዞማ ሙዚየም ስትሄዱ (ለሆም ሩም መምህራን)

ሰላም መምህራን፣ በተለይ ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የምታስተምሩ። የትምህርት ጉዞ ሲባል ብዙ ጊዜ ወይ እንጦጦ ነው ወይ አንድነት ፓርክ፣ ልጆቹ ይሮጣሉ ይበላሉ ፎቶ ይነሳሉ ይመለሳሉ፣ እሱም ጥሩ ነው፣ ግን በዓመት አንዴ እንኳን ሰው በእጁ የሰራውን ነገር ቁጭ ብለው እንዲያዩ ብናደርግ ብዬ ነው ይሄን የምጽፈው። ምሳሌ የማደርገው አዲስ አበባ መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየምን ነው፣ ሌላ የጥበብ ማዕከል ብትሄዱም አብዛኛው ይሰራል።

መጀመሪያ ልጆች ይዤ የጥበብ ቦታ የሄድኩ ጊዜ (ዞማ አልነበረም) 60 ልጅ በአንዴ ነው ያስገባሁት። ሁሉንም ክፍል ማሳየት አለብኝ ብዬ «ቶሎ በሉ፣ መስመር ጠብቁ፣ አትንኩ» ስል ዋልኩ። ማታ እናቷ ምን አየሽ ብላ የጠየቀቻት አንዷ ተማሪዬ «ከፊቴ የነበረችውን ልጅ ቦርሳ» ብላ መለሰችላት። እናትየው ስትነግረኝ በጣም ነው ያዘንኩት፣ ልጅቷ እኮ ልክ ናት፣ ሌላ ነገር እንድታይ ጊዜ አልሰጠኋትም። ከዛ በኋላ የማደርገው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው፦ ጥቂት ነገር አሳዩ፣ ረጅም ጊዜ ስጡ።

ቀኑን መጀመሪያ ያዙ። ጥቅምትና ህዳር በጣም አሪፍ ነው፣ ዝናቡ አቁሟል፣ አትክልቱ ገና አረንጓዴ ነው፣ ፈተናም አልደረሰም። ደውላችሁ ስንት ልጅ በስንት ሰዓት እንደምትመጡ ንገሯቸው፣ የመግቢያ ዋጋውንና አስጎብኚ መኖሩን ጠይቁ፣ ከተቻለ ደሞ አንድ መምህር ቀድሞ ሄዶ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ፣ ባስ የት እንደሚቆም፣ ልጆች ተቀምጠው የሚስሉበት ጥላ የት እንዳለ አይቶ ይምጣ። ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ቀኑን የሚያድነው እሱ ነው። የወላጅ ፈቃድ ወረቀት ከሁለት ሳምንት በፊት ይላክ፣ አለርጂ፣ አስም ምናምን ካለ የሚጻፍበት ቦታ ይኑረው። ለ10 ልጅ አንድ አዋቂ ያስፈልጋል፣ መምህር ካነሰ ወላጅ ጥሩ። ከትምህርት ቤት 3 ሰዓት ላይ ብትነሱ የጠዋቱን ትራፊክ ታመልጣላችሁ።

ስለ ብር አንድ ነገር ልበል። ያልከፈለ ልጅ ስሙ ክፍል ውስጥ አይጠራ፣ በፍጹም። ወላጆችን ለብቻ አናግሩ፣ ወይ ከመጀመሪያው የባሱን ሂሳብ ስትሰሩ ለአምስት ስድስት ልጅ የሚሆን ጨምራችሁ ያዙ። ምሳም እንደዛው፣ ቀኑ ረቡዕ ወይ ዓርብ ከሆነ የሚጾሙ ልጆች አሉና ለወላጆች ቀድማችሁ ንገሩ፣ ምሳ እቃ ሳይዝ የሚመጣ ልጅ ስለማይጠፋ ደሞ አብሮ መብላት የቀኑ ደንብ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዞማን ሰዓሊው ኤልያስ ስሜና የስነ ጥበብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ናቸው የመሰረቱት፣ ሙዚየሙ የተከፈተው በ2011 ዓ.ም ነው። ቤቶቹ በጭቃና በጭድ፣ በጥንቱ አሰራር የተሰሩ ናቸው፣ ግድግዳው ላይ በእጅ የወጣ ቅርጽ አለ፣ መሄጃው በድንጋይ ተነጥፏል፣ የጓሮ አትክልት አለ፣ ከብትም አለ። ስለዚ ልጆቹን የምታዘጋጁት ስለ ስዕል በማውራት ሳይሆን ስለ ጭቃ በማውራት ነው።

ከሳምንት በፊት ይሄን የቤት ስራ ስጡ፦ «አያታችሁን ወይ የሰፈር ትልቅ ሰው የጭቃ ቤት እንዴት እንደሚሰራ ጠይቁ።» ብቻ እሱን። የሚመጣው መልስ ያስገርማችኋል። አንዱ ተማሪዬ ጭቃው ከጭድ ጋር በእግር እየተረገጠ ለቀናት እንደሚቦካ፣ ከዛ ማገሩ ላይ እንደሚመረግ አያቱ የነገሩትን ሙሉ ገጽ ጽፎ መጣ፣ ክፍል ውስጥ ብዙም የማይናገር ልጅ ነው። ዞማ ግድግዳው ጋ ስንደርስ አስጎብኚው ሳይጀምር እሱ ነው ለጓደኞቹ ያስረዳው። ምርጊት፣ ማገር፣ ልስን የሚሉትን ቃላት አብዛኛው የከተማ ልጅ አያውቃቸውም፣ ሰሌዳ ላይ ጻፉላቸው።

ሁለተኛው ዝግጅት የጭቃ ሙከራ ነው። አፈር አምጡ፣ ዋልካ ከሆነ በጣም ጥሩ፣ በውሃ አቡኩት፣ ግማሹ ላይ የጤፍ ጭድ ጨምሩ ግማሹን ባዶውን ተዉት፣ በክብሪት ሳጥን ወይ በትንሽ ካርቶን ቅርጽ አውጥታችሁ ለሳምንት አድርቁት። ጭድ የሌለው ይሰነጣጠቃል፣ ጭድ ያለው ይሻላል ምክንያቱም ጭቃው ሲደርቅና ሲኮማተር ጭዱ አንድ ላይ ይይዘዋል። ይሄን በእጁ የሞከረ ልጅ ዞማ ሲገባ ግድግዳውን የሚያየው በሌላ አይን ነው።

እዛ ስትደርሱ በ10 በ10 ተከፋፈሉ፣ አንዱ ቡድን ከግድግዳው ሲጀምር ሌላው ከአትክልቱ ይጀምር። በአንድ ጉብኝት ሶስት ነገር ብቻ ምረጡ፣ አራተኛው ቢቀር ምንም አይደለም። አንድ ነገር ፊት ቁሙና መጀመሪያ ለሁለት ደቂቃ ማንም አያውራ፣ ከዛ እነዚህን ጠይቁ፦ ምን ይታያችኋል? ምኑን አይታችሁ ነው እንደዛ ያላችሁት? ሌላስ? በቃ። «ይሄ ምንድን ነው?» ካላችሁ ልጁ ትክክለኛ መልስ የሚፈለግ መስሎት ይፈራል፣ «ምን ይታይሃል?» ካላችሁት ግን ያየውን ለመናገር አይፈራም። እናንተም ለማስረዳት አትቸኩሉ፣ እኔ ይሄ እስካሁን ይከብደኛል፣ ዝም ብዬ ስጠብቅ ግን ልጆቹ እኔ ያላየሁትን ያሳዩኛል።

ከዛ 20 ደቂቃ መሳል። ቀለም አያስፈልግም፣ እርሳስ፣ ወረቀት፣ ከስር የሚደገፉበት ካርቶን። ላጲስ ግን አታሲዙ! ላጲስ ያለው ልጅ 20 ደቂቃውን ሲያጠፋ ነው የሚጨርሰው፣ የሌለው ግን ስህተቱ ላይ ደርቦ ይቀጥላል። ሙሉ ቤቱን ሳሉ አትበሏቸው፣ «መዳፋችሁን የሚያክል ቦታ ምረጡ፣ እዛ ላይ ያለውን ሁሉ ሳሉ» በሏቸው። ስዕላቸውን ስታዩ «ጎበዝ፣ ቆንጆ ነው» ብላችሁ አትለፉ፣ «እስኪ ስለሱ ንገሪኝ» በሏት፣ ልጅቷ ያኔ ነው የምትከፈተው። ማየት የተሳነው ተማሪ ካላችሁ ግድግዳውን በእጁ እንዲዳስስ ቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁለት፣ የጭቃ ቅርጽ በመዳሰስ በደንብ የሚታወቅ ነገር ነው። ፎቶ የሚያነሳው አንድ አዋቂ ብቻ ይሁን፣ የልጆች ፎቶ ከመለጠፉ በፊት ደሞ የወላጅ ፈቃድ ይኑር።

ስለ ኤልያስ ስሜ ስራዎችም አውሩላቸው፣ ምስላቸውን ክፍል ውስጥ ቀድማችሁ አሳዩ። አሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የኮምፒውተር ኪቦርድ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ያሉትን ሰሌዳዎች (ማዘርቦርድ) እየጠለፈና እየገጣጠመ ነው ትላልቅ ስራዎቹን የሚሰራው፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚገኝ የተጣለ እቃ ማለት ነው። ልጆች ይሄን ሲሰሙ ወዲያው «እኛም ቤት አለ!» ይላሉ። ስትመለሱ ያንን ስሩ፣ ከቤት የተበላሸ የቻርጀር ገመድ፣ ኢርፎን፣ አዝራር፣ ቆርኪ ያምጡ፣ ካርቶን ላይ በኮላና በክር ይስሩ። ባትሪ ግን አይምጣ፣ የቻርጀር ጭንቅላትም አይከፈት፣ ሽቦ የሚቆርጠው መምህሩ ነው።

አዲስ አበባ ያልሆናችሁ፣ ዞማ የለንም ብላችሁ አትተዉት። ሸክላ የምትሰራ እናት፣ ሸማኔ፣ ስፌት የሚሰሩ ሴቶች በየከተማው አሉ፣ ቤታቸው ራሱ ማዕከል ነው። የስራ ሰዓታቸውን ነውና የምትወስዱት ክፈሏቸው፣ ወይ ልጆቹ የሚያዩትን ጀበናና ምጣድ ትምህርት ቤቱ ይግዛ። ከመሄዳችሁ በፊት ደሞ አንድ ከባድ ነገር አውሩ፦ በአገራችን ሸክላ ሰሪንና ቀጥቃጭን ጠይብ፣ ቡዳ እያሉ ማራቅ ነበር፣ አሁንም ያለበት ቦታ አለ፣ ልጆች ከቤት ሰምተውት ይመጣሉ። ልጆቹ ሸክላ ሰሪዋ እናት በር ላይ ቆመው እንዲህ ያለ ቃል ከመናገራቸው በፊት ክፍል ውስጥ በግልጽ ተነጋገሩበት። ከክፍላችሁ ልጆች የአንዷ እናት ሸክላ ሰሪ ልትሆን እንደምትችል አስቡ፣ ልጅቷ ያን ቀን እናቷ «እትዬ አስተምሩን» ስትባል ትስማ።

በነጋታው፣ ሳይረሱት፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ለወሬው ስጡ። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ነገር ብቻ ይናገር፣ ያየውን ወይ ያልገባውን። ያልገባውን የሚናገሩትን በተለይ ጻፉላቸው፣ ጥያቄዎቹን ሰብስባችሁ ከምስጋና ደብዳቤ ጋር ለማዕከሉ ላኩ።

ስዕሎቹን ኮሪደር ላይ ስቀሉ፣ የሁሉንም፣ ምርጥ ምርጡን ለይታችሁ አይደለም። ስማቸውን ከስር ይጻፉ። ስትሰቅሉ ደሞ በእናንተ ቁመት ሳይሆን በልጆቹ ቁመት ይሁን፣ የወላጅ ቀን ሲደርስ ወላጆቹ ትንሽ ጎንበስ ብለው ያያሉ፣ ልጆቹ ከጎናቸው ቆመው እያስረዱ።