የውጭ አገር ተማሪ ለጥምቀት ስትጋብዙ የሚሠሩ ስህተቶች

ጥምቀት ሲደርስ በኮተቤ፣ በአያትና በየካ አባዶ ሰፈሮች ያሉ ተማሪዎች ከውጭ አገር የመጡ ጓደኞቻቸውን ይጋብዛሉ። ደግ አድርገዋል። ግን እንግዳው ፀሐይ መትቶት፣ ተገፍቶ፣ ምን እንዳየ ሳይገባው ሲመለስ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ሁሌ ያው ነው።

ትልቁ ስህተት እንግዳውን ጥር 11 ረፋድ ላይ ማምጣት ነው። እባካችሁ ይህን ተዉ! በዓሉ የሚጀምረው ጥር 10 በከተራ ነው። ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ይወርዳሉ፣ በድንኳን ያድራሉ። ሌሊቱን ማሕሌትና ቅዳሴ አለ፤ ሲነጋ ጸሎቱ ደርሶ ውኃው ተባርኮ ሕዝቡ ይረጫል። በ4 ሰዓት የደረሰ ሰው የሚያገኘው ጭቃና ግፊያ ነው። መንገድም ስለሚዘጋ ታክሲ አያደርሰውም። የከተራ ዕለት በ7 ሰዓት ደብሩ በር ላይ ተገኙ፣ ታቦቱን ተከትላችሁ በእግር ውረዱ። ማታ እንግዳው እናንተ ቤት ይደር፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ጋቢ ደርባችሁ ውጡ። የጥር ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ቀን ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ባርኔጣና የታሸገ ውኃ ያዙ።

ጃን ሜዳ የግድ ነው የሚሉም አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው የሰፈሩ ባሕረ ጥምቀት ይሻላል፤ የካህናቱን ወረብ፣ ከበሮውንና ጸናጽሉን በቅርብ ያያል፣ የሚያስረዳው ጎረቤትም አያጣም።

«በ11 ሰዓት እንገናኝ» ብላችሁ አትጻፉለት። በእሱ ሰዓት 11 ማለት የእኛ ረፋድ 5 ሰዓት ነው። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ንገሩት፦ ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ግን፣ ለምሳሌ በ2020 ዓ.ም.፣ ጃንዋሪ 20 ይሆናል።

ሌላው ፎቶ ፍለጋ ታቦቱ ፊት ማቆም ነው። ታቦቱ ያለፈበትን ምንጣፍ ወጣቶች ከኋላ ይጠቀልሉታል፣ ትከሻቸው ላይ አድርገው በሕዝቡ መሐል እየሮጡ ወደ ፊት ያደርሱታል፣ ከካህናቱ እግር ፊት ይዘረጉታል። ከባድ ነው፤ ሲሮጡ ቶሎ መቆም አይችሉም። ጠርዙ ላይ ካሜራ የደቀነ ሰው ይመታል፣ እነሱንም ያደናቅፋል። ከመንገዱ ዳር ራቅ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ያዙለት። ምንጣፉን እንዳይረግጥ፣ ታቦት ሲያልፍ ካሜራውን ዝቅ እንዲያደርግ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ውኃው ሲረጭ ስልኩን በፌስታል ይጠቅልል። መረጨቱ የክርስቶስን ጥምቀት ለማሰብ እንጂ እሱን እንደገና ለማጥመቅ እንዳልሆነ አስረዱት፤ የሌላ እምነት ተከታይ ከሆነ ይህን ሳያውቅ መርጨት ደግ አይደለም። ለሴት ተማሪ ደግሞ ሎሚ ሊወረወርባት እንደሚችል፣ ትርጉሙም «ወድጄሻለሁ» መሆኑን ንገሯት፤ አለዚያ ጥቃት ይመስላታል።

የምግቡ ነገር አደራ። ከተራ ገሃድ ስለሆነ ይጾማል፤ ያን ዕለት ዶሮ አቅርባችሁ ቤተሰብ አታሳፍሩ፣ ሽሮና ምስር ይበቃል። ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ይፈሰካል። እንግዳው ሙስሊም ከሆነ የክርስቲያን እርድ ስለማይበላ የጾም ምግብ ለብቻ አስቀምጡ። ጥሬ ሥጋ ግን ለማንም አዲስ እንግዳ አታጉርሱ፤ የኮሶ ትል የሚተላለፈው በጥሬው ነው፣ ለብ ለብ የተደረገ ክትፎም አይገድለውም። በደንብ የበሰለ ጥብስ ስጡት። ጠላው ላይም «አንድ ድገም» እያላችሁ አታጨናንቁት።

ጥር 11 ሁሉም አለቀ ብላችሁ እንዳትሸኙት። የሚካኤል ታቦት ወደ ደብሩ የሚመለሰው ጥር 12፣ በቃና ዘገሊላ ነው፤ የሚካኤል ደብር ካላችሁ ለዚያም ቀን አቆዩት።